የጎደጎደ ጉንጭን መሙላት፦ ከመርፌው በፊት ሊታወቅ የሚገባው

አክስቴ የላይኛው መንጋጋቸውን የኋላ ጥርሶች ካስነቀሉ ወዲህ፣ አዘዞ ላይ የሚያገኛቸው ሰው ሁሉ «እመዬ፣ ምን ነካዎት? ፊትዎ እኮ አለቀ» ይላቸው ነበር። እርሳቸውም ሕመሙ ሆዳቸው ውስጥ ያለ መስሏቸው ሁለት ዓመት ያህል መድኃኒት ሲፈልጉ ኖሩ፤ ልጃቸው ደግሞ አዲስ አበባ ወስዳ የጉንጭ መርፌ ልታስወጋቸው ገንዘብ ማጠራቀም ጀምራ ነበር። ነገሩ የተፈታው አንድ የጥርስ ሐኪም «እናቴ፣ እስቲ አፍዎን ከፈት ያድርጉልኝ» ብሎ፣ ከግራም ከቀኝም በድዳቸውና በጉንጫቸው መካከል ጥቅል ጥጥ ሸጎጥ ካደረገ በኋላ መስታወት በሰጣቸው ጊዜ ነው። መስታወቱን ወደ መስኮቱ አዙረው ረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩና፣ ጥጡን በምላሳቸው እየነካኩ «ይኸው እኔ» አሉ።

እኔ ነርስ እንጂ የቆዳ ሐኪም አይደለሁም፤ ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ጉንጭ መሙላት ምክር የሚጠይቀኝን ሰው ሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀው፣ ጉንጩን ያጎደለው ምን እንደሆነ ያውቅ እንደሆነ ነው። ሁለተኛው ጥያቄዬ ለእኛ ለጎንደር ሰዎች የተለየ ክብደት አለው፦ የተሠራው ሥራ ቢበላሽ የሚያስተካክለው ሐኪም ከእርስዎ ስንት ሰዓት ይርቃል? ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ከእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች የሚነሣ ነው።

ጉንጩን ያጎደለው ምንድን ነው?

የጉንጭ ሙላት የሚመጣው ከቆዳው ሥር ካለው ስብና አጥንት ነው። ስቡ በየክፍሉ ተለይቶ፣ ገሚሱ ለቆዳው ቀረብ ብሎ፣ ገሚሱ በጥልቀት ከአጥንቱ አጠገብ ይቀመጣል። ዕድሜ ሲገፋ በጥልቀት ያለው ስብ ይመነምናል፣ የላይኛው መንጋጋ አጥንትም ወደ ኋላ ያፈገፍጋል፤ ድጋፉን ያጣው የላይኛው ክፍል ደግሞ ወደ ታች ይንሸራተትና ከአፍንጫ ጎን እስከ አፍ ጥግ የሚወርደውን መስመር ያጎላዋል። ፊቴ ረገበ የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ቆዳው የተረፈው ውስጡ ስለጎደለ ነው።

በዓመታት ቀስ እያለ የመጣ መጎድጎድ ከዕድሜ ጋር ሊያያዝ ይችላል፤ በጥቂት ወራት ውስጥ የመጣ ግን ከማንኛውም የውበት ሥራ በፊት ምርመራ ይፈልጋል። ሳንባ ነቀርሳ፣ የስኳር በሽታ፣ የእንቅርት ዕጢ ከመጠን በላይ መሥራት፣ የአንጀት ጥገኛ ትሎች፣ ካንሰር፣ ምግብ የሚያስጠላ ድብርት፣ ሁሉም መጀመሪያ ፊት ላይ ሊታዩ ይችላሉ። ሌሊት ሌሊት የሚያልብዎት፣ ሳል ያልለቀቀዎት፣ ወይም ልብስዎ ሳያስቡት የሰፋዎት ከሆነ በቅርብዎ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም እ.ኤ.አ. በ1954 በጤና ኮሌጅነት ሥራ ወደ ጀመረው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይሂዱ። የደም፣ የአክታና የሰገራ ምርመራ ከአንድ ሲሪንጅ መሙያ (ጉንጭ ለመሙላት ከቆዳ ሥር የሚወጋ ፈሳሽ) ጋር ሲነጻጸር እጅግ ርካሽ ነው፤ ታሞ የከሳን ጉንጭ በመርፌ መሙላት ደግሞ በሽታውን ከዓይን መሸሸግ ነው። ከሁለቱ ጉንጮች አንዱ ብቻ እየጎደጎደ ከሆነም ያለ ሐኪም ውሳኔ ምንም አይሥሩ።

ለብዙ ዓመታት በፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት የቆዩ ሰዎችን በተለይ ማንሣት እፈልጋለሁ። ቀደም ባሉት ዓመታት ይሰጡ የነበሩት ስታቩዲንና ዚዶቩዲን የፊትን፣ የእጅንና የእግርን ስብ የማሟጠጥ ባሕርይ ነበራቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ስታቩዲን ቀስ በቀስ ከአገልግሎት እንዲወጣ እ.ኤ.አ. በ2009 መክሯል፤ ይሁን እንጂ አንድ ጊዜ የጠፋው የጉንጭ ስብ መድኃኒቱ ከተቀየረ በኋላም የሚመለሰው በጣም ቀስ ብሎ፣ ያውም በከፊል ነው። እነዚህ ሰዎች ጉንጫቸውን ለመሙላት ሲፈልጉ ቅንጦት ነው የሚላቸው ሰው ተሳስቷል፤ ፊታቸው እነርሱ ለማንም ያልተናገሩትን ምስጢር እያወጣባቸው ነውና። ነገር ግን መድኃኒታቸውን በራሳቸው ውሳኔ ማቋረጥ ፈጽሞ የለባቸውም፤ መቀየርም ካስፈለገ ከሚከታተላቸው ሐኪም ጋር ተነጋግረው መሆን አለበት።

ከጾም የሚመጣው መክሳት ግን ሌላ ነው። ሁዳዴን 55 ቀን ሙሉ ጾማ በሚያዝያ የምትሞሸር ልጅ ሚዜዎቿ ፊቷን አይተው ቢደነግጡ አይገርምም፤ ሆኖም እንዲህ ያለው ጉንጭ ምግቡ ሲስተካከል በሳምንታት ውስጥ መልሶ ስለሚሞላ፣ በጾም መጨረሻ ላይ የተወጋ መሙያ ከፋሲካ በኋላ ሲበዛ ይታያል። ክብደትዎ እየተለዋወጠ ባለበት ጊዜ መርፌ አይወጉ፤ ክብደቱ ሁለት ሦስት ወር ረግቶ ይቆይ።

ፊትዎን በደንብ ይመልከቱ

ጠዋት፣ ቅባት ሳይቀቡ፣ ብርሃኑ ከጎን በሚመጣበት መስኮት አጠገብ ይቁሙና መጎድጎዱ የት እንዳለ ይለዩ። ከዓይን በታች ባለው የፊት ለፊቱ ጉንጭ ላይ ነው? ወይስ ከጉንጭ አጥንት በታች፣ በመንጋጋ ጥርሶች አቅጣጫ? የጆሮ ግንድና የዓይን መካከልም አብሮ ገብቷል? ከአሥር ዓመት በፊት የተነሡት የመታወቂያ ፎቶ ካለ አጠገቡ ይያዙት፤ ሲወለዱ ጀምሮ ቀጭን ፊት ያለዎት ከሆነ ያልነበረዎትን ጉንጭ ሐኪም እንዲፈጥርልዎ መጠየቅ ውጤቱ ብዙ ጊዜ የሌላ ሰው ፊት ነው። ወደ ሐኪም ሲሄዱም ያንን ፎቶ ይዘው ይሂዱ፤ የታዋቂ ሰው ፎቶ ግን አያስፈልግም።

ያለ መርፌ የሚሠራውና የማይሠራው

የኋላ ጥርስ ከጎደለ መነሻው የጥርስ ሐኪም ነው። ጥርስ ከተነቀለ በኋላ ይዞት የነበረው አጥንት መሟሟት ይጀምራል፣ በተለይም በመጀመሪያው ዓመት ፈጥኖ ይቀንሳል፤ ከንፈርና ጉንጭም የሚደገፉበትን ግድግዳ ያጣሉ። በልክ የተሠራ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ድዱን የሚሸፍነው የሮዝ ክፍል በጉንጩ በኩል ትንሽ ወፈር ተደርጎ ሲሠራ፣ ጉንጩን ከውስጥ ወደ ውጭ ይገፋዋል። ሐኪሙ ቋሚውን ከማሠራቱ በፊት በሰም ሞክሮ እንዲያሳይዎት ይጠይቁ፤ ሲናገሩና ሲስቁም በመስታወት ይዩት፣ ከመጠን በላይ ከወፈረ ጉንጭን እየፋቀ ያቆስላልና። ድዱ ከዓመት ዓመት እየቀነሰ ስለሚሄድ ጥርሱ ልክ መሆኑን በየጊዜው ማስመርመርና ውስጡን እንደገና ማስሞላት ያስፈልጋል። የአክስቴ ጉንጭ የተመለሰው በዚህ መንገድ ነው፤ ቆሎ መቆርጠም ባይችሉም እንጀራቸውን ግን በሚገባ ያኝካሉ፣ ይህ ደግሞ በራሱ ክብደት ጨመረላቸው።

የፊት እንቅስቃሴን በተመለከተ፣ በአሜሪካ የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጡት አንድ ጥናት አለ። ከ40 እስከ 65 ዓመት የሆናቸው 27 ሴቶች ጀምረው 16ቱ ብቻ ጨረሱ፤ ለ20 ሳምንታት በቀን 30 ደቂቃ ያህል፣ በኋላ ላይ ደግሞ ቀን እየዘለሉ ጉንጫቸውን አሠሩ፣ ፎቶአቸውን የመዘኑት ሐኪሞችም በጉንጩ ላይ መጠነኛ ሙላት አዩ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ጡንቻ ሲወፍር ስብ የተወውን ቦታ ጥቂት ሊሞላ ይችላል ከማለት ያለፈ ተስፋ አልሰጥበትም። ወጪ የለውምና ትዕግሥቱ ያለው ሰው ይሞክረው።

ቅቤም ሆነ ቫዝሊን ቆዳውን ያለሰልሳል፣ ያወዛዋልም፤ ከቆዳ ሥር ያለውን ስብ ግን አይተካም። በጣም የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው፦ «ፊት ያወፍራል» እየተባለ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፈው ኪኒን። ዴክሳሜታዞንና ፕሬድኒሶሎን የተባሉት መድኃኒቶች ፊትን እንደ ጨረቃ ክብ አድርገው ያሳብጣሉ፤ በዚያው ልክ የደም ስኳርንና የደም ግፊትን ያንራሉ፣ አጥንት ያሳሳሉ፣ ተኝቶ የቆየ ሳንባ ነቀርሳን ይቀሰቅሳሉ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ለሳምንታት ከተወሰዱ በኋላ በድንገት ሲቋረጡ፣ ሰውነት የራሱን ሆርሞን ማምረት አቁሞ ስለሚቆይ ሰውየው ተዝለፍልፎ ሊወድቅ፣ ሊሞትም መቻሉ ነው። እየወሰዱ ያሉ ካሉ በራሳቸው አያቁሙ፤ ኪኒኑን ይዘው ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ።

ያለንን ስብና ቆዳ ለማቆየት ከሁሉ የሚቀለው ሲጋራ መተውና ፀሐይን መከላከል ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች የፀሐይዋ ጨረር ከቆላው ይበረታል። እናቶቻችን ወደ ቤተ ክርስቲያንም ሆነ ወደ ገበያ ጃንጥላ ይዘው መውጣታቸው የሚደነቅ ልማድ ነው፤ የፀሐይ መከላከያ ክሬም ሲታከልበት ደግሞ ይበልጣል።

የመሙያ መርፌ

ፊለር ከሚባሉት መካከል ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚወጋ ሰው የምመክረው አንዱን ብቻ ነው፦ የሃያሉሮኒክ አሲድ መሙያን። ይህ ንጥረ ነገር በሰውነታችን ውስጥ በተፈጥሮ ያለ፣ ውኃ የሚይዝ ዝልግልግ ነገር ነው፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ጁቬደርም ቮሉማ የተባለውን ዓይነት ለጉንጭ መሙያነት የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። እንደ ዓይነቱና እንደ ሰውየው ከአንድ ዓመት በታች እስከ ሁለት ዓመት ይቆያል። የምመርጠው ግን ስለሚቆይበት ጊዜ አይደለም፤ ሃያሉሮኒዴዝ የተባለ ማሟሚያ መድኃኒት ስላለው፣ ቢበዛም ቢጣመምም፣ ከዚያም በላይ የደም ሥር ቢዘጋ፣ ሊሟሟ ስለሚችል ነው። አንድ ሲሪንጅ አብዛኛውን ጊዜ 1 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ የሻይ ማንኪያ አንድ አምስተኛ ማለት ነው። ስለዚህ በጣም የጎደጎደ ጉንጭ በአንድ ሲሪንጅ አይሞላም። ጠንቃቃ ሐኪም ግማሹን ሠርቶ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት በኋላ ይመልስዎታል፤ በአንድ ቀን ሁሉንም ልጨርስልዎ የሚልን ይጠንቀቁት።

ካልሲየም ሃይድሮክሲአፓታይት (ሬዲየስ) እና ፖሊ ኤል ላክቲክ አሲድ (ስካልፕትራ) ሌሎቹ ሁለቱ ናቸው። ሁለቱም ሰውነት ቆዳን የሚደግፈውን ኮላጅን የተባለ ፕሮቲን ራሱ እንዲያመርት ይገፋፋሉ። በአሜሪካ ከኤች አይ ቪ ጋር ለተያያዘ የፊት ስብ መጥፋት ስካልፕትራ እ.ኤ.አ. በ2004፣ ሬዲየስ ደግሞ በ2006 ተፈቅደዋል፤ ለእንዲህ ያለው ጥልቅና ሰፊ መጎድጎድ ተስማሚ የሚሆኑትም ለዚህ ነው። ስካልፕትራ በሳምንታት ልዩነት ሁለት ሦስት ጊዜ የሚሰጥ ሲሆን፣ በተወጉ ማግስት ያዩት ሙላት የፈሳሹ እብጠት ስለሆነ በጥቂት ቀን ይጠፋል፤ እውነተኛው ለውጥ የሚታየው ከወራት በኋላ ነው። ይህን ያልተነገረው ሰው ተጭበርብሬአለሁ ብሎ ያዝናል። ሁለቱም ማሟሚያ የላቸውም።

ፈሳሽ ሲሊኮን፣ ፓራፊን ወይም ስሙ ያልታወቀ «ዘላቂ መሙያ» በፀጉር ቤትም ሆነ በመኖሪያ ቤት ከቀረበልዎት እምቢ ይበሉ። ከገባ በኋላ ተለቅሞ አይወጣም፤ ከዓመታት በኋላ ይጓጉላል፣ ቦታውን ይለቃል፣ ይመግላል። ለትክክለኛው መሙያም ቢሆን ሣጥኑ ታሽጎ እንደነበረ፣ የመለያ ቁጥሩንና የሚያበቃበትን ቀን በዓይንዎ ይዩ፤ ተለጣፊውንም ካርድዎ ላይ ያስለጥፉ ወይም በስልክዎ ፎቶ ያንሡት። በሻንጣ ውስጥ፣ በሙቀት ተጉዞ የመጣ መሙያ በማን እንደተያዘ ማረጋገጫ የለውም።

ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም የምታጠባ ሴት፣ ፊቱ ላይ ቁስል ወይም የጥርስ መግል ያለበት ሰው፣ ለማደንዘዣ አለርጂ ያለበት ሰው ይቆዩ። ቆዳው ቢቆረጥ ጠባሳው የሚያብጥበት፣ ማለትም ኬሎይድ የሚያወጣ ሰው አስቀድሞ ይናገር፤ በእኛ ዓይነት ቆዳ ላይ እያንዳንዱ የመርፌ ቀዳዳ ጥቁር ነጥብ ሊተው ስለሚችል፣ በአንድ ቀዳዳ ብዙ ቦታ የሚደርሰው ጫፉ ደንዳና የሆነው ካኑላ ብዙ ጊዜ ይሻላል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚወስዱትን አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ከአንድ ሳምንት በፊት ያቁሙ፤ ሐኪም ለልብ ያዘዘው አስፕሪን ግን በራስ ውሳኔ አይቋረጥም።

የራስ ስብና ቀዶ ሕክምና

ከሆድ ወይም ከጭን በቀጭን ቧንቧ ስብ ቀድቶ፣ አጣርቶ፣ በጥቃቅን ጠብታ ወደ ጉንጭ ማስገባት ሌላው መንገድ ነው። የያዘው ስብ ለብዙ ዓመታት ይቆያል፤ ነገር ግን ከገባው ውስጥ ብዙው በመጀመሪያዎቹ ወራት ተመጥጦ ስለሚጠፋ፣ ውጤቱ የሚፈረደው ከሦስት እስከ ስድስት ወር በኋላ ነው፣ አንዳንዴም መድገም ያስፈልጋል። እብጠቱ ሁለት ሦስት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ጉንጩም ሆነ ሆዱ የከሳ ሰው የሚቀዳለት ስብ ስለማይኖረው ይህ መንገድ ለእርሱ አይሆንም። የጉንጭ አጥንቱ በተፈጥሮ ጠፍጣፋ ለሆነ ሰው በአፍ ውስጥ በሚከፈት ቀዳዳ የሚቀመጥ ጠንካራ የሲሊኮን ቅርጽም አለ፤ ኢንፌክሽንና ከቦታ መንሸራተት ሊያስከትል ስለሚችል፣ ክትትሉም ረጅም ስለሆነ፣ ከጎንደር ተነሥቶ ለሚሄድ ሰው በመጀመሪያ ምርጫነት አላቀርበውም።

ከጎንደር ለሚሄድ ሰው

ለዚህ ሥራ ብዙ ሰው ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ፣ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ ብዙዎችም ጠዋት ሄደው ማታ ለመመለስ ያቅዳሉ። ይህን ዕቅድ አጥብቄ እቃወማለሁ። የመሙያ መርፌ ትልቁ አደጋ ፈሳሹ ደም ሥር ውስጥ መግባቱ ወይም ደም ሥርን መጫኑ ነው፤ የፊት ደም ሥሮች ከዓይን ደም ሥር ጋር ስለሚገናኙ፣ እምብዛም ባይሆንም፣ ዓይነ ስውርነት ደርሷል፤ በራስ ስብም ጭምር። ደም ያጣ ቆዳ በሰዓታት ውስጥ መድኃኒት ካላገኘ ይሞታል፤ የዓይን ብሌን ውስጠኛ ክፍል ደግሞ ከዚያ ባነሰ ጊዜ ይጠፋል። አብዛኛው ወዲያው ወንበሩ ላይ እያሉ ይታያል፤ አንዳንዱ ግን ከሰዓታት በኋላ ነው የሚገለጠው፣ ያን ጊዜ እርስዎ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ከደረሱ ማሟሚያው አዲስ አበባ ቀርቷል።

ስለዚህ ከመወጋትዎ በፊት ሐኪሙን «ሃያሉሮኒዴዝ እዚሁ ክፍል ውስጥ አለዎት? ስንት ብልቃጥ?» ብለው ይጠይቁ። የሚቆጣ ሐኪም ከሆነ ተነሥተው ይውጡ። ከተወጉም በኋላ ቢያንስ ሁለት ሌሊት ዘመድ ቤትም ቢሆን በከተማው ይቆዩ፣ ሌሊት የሚነሣ ስልክ ቁጥርም ይያዙ። የምልክቶቹ ነገር በመጻሕፍት ቆዳው ይነጣል ተብሎ ይጻፋል፤ በጠይም ቆዳ ላይ ግን ንጣቱ ሊያመልጥ ይችላል። እኛ የምናየው ቆዳው አመድማ ወይም እንደ መረብ የተዥጎረጎረ ሲሆን፣ አንዱ ጉንጭ ከሌላው ሲቀዘቅዝ፣ ሕመሙም እየቀነሰ በመሄድ ፈንታ እየባሰ ሲሄድ ነው። ከንፈርን ገልበጥ አድርገው የውስጡን ቀለም ከሌላው ወገን ጋር ያመሳክሩ፤ ቦታውን በጣት ጫን አድርገው ሲለቁት ቀለሙ በሁለት ሰከንድ ያህል ካልተመለሰ ደም በሚገባ እየደረሰው ላይሆን ይችላል። ዓይን ከጨለመ ወይም ነገር ሁለት ሁለት ሆኖ ከታየ ደግሞ አንድ ደቂቃም ሳይጠብቁ ወደ ሐኪሙ ይሮጡ።

መጠነኛ እብጠትና ብልዘት ግን የተለመደ ነው፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይጠፋል። እስከ ሁለት ቀን ድረስ ከባድ ሥራ፣ ትኩስ እንፋሎትና አልኮል ይቅር፤ ወጥ በሚሠራበት ምድጃ ላይ ማጎንበስም በዚያው ይቆጠራል። ጥርስ ማስነቀል ወይም ማስጠረግ ካለብዎት ከመርፌው ሁለት ሳምንት ቀድሞ ወይም ሁለት ሳምንት ዘግይቶ ይሁን። ለሠርግ ወይም ለጥምቀት የሚዘጋጁ ከሆነ መርፌው ከበዓሉ አንድ ወር ቀድሞ ይወጋ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ መጀመሪያ በቆሙበት በዚያው መስኮት፣ በዚያው ሰዓት፣ ፊት ለፊትና ከሁለቱም ጎን ሦስት ፎቶ ተነሥተው ለሐኪሙ ይላኩለት፤ የሚጨመር ካለ የሚወሰነው ከእነዚህ ፎቶዎች ነው።